ተረከዙ መሬት የማይነካው ልጅ፦ የጡንቻ መድረቅ እንዴት ይመረመራል?

ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ከሚደርስ ጉዳት የሚመነጭ የእንቅስቃሴና የአቋም ችግር ነው። የአንጎሉ ጉዳት እየሰፋ አይሄድም፤ ጡንቻና አጥንት ግን ከልጁ ዕድገት ጋር ይለወጣሉ። ችግሩ ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ተረከዛቸውን መሬት ሳያስነኩ በጣቶቻቸው ይራመዳሉ። ተመልካች «እግሩ ደርቋል» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን የደረቀው በምን ምክንያት ነው ብለን እንጠይቅ።

ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ወይም የሁለቱ ድምር ነው። አንደኛው ስፓስቲሲቲ ይባላል። ጡንቻ በድንገት ሲሳብ ወደ ሕብለ ሰረሰር መልእክት ይልካል፤ መልሶም እንዲኮማተር ይታዘዛል። ሐኪም ጉልበትን በመዶሻ ሲመታ እግር ብድግ የሚለው በዚሁ መንገድ ነው። ጤናማ አንጎል ይህን ምላሽ በልጓም ይይዘዋል፤ አንጎል ሲጎዳ ልጓሙ ይላላል። ሁለተኛው ኮንትራክቸር ነው። እዚህ ላይ ጡንቻው ራሱ አጥሯል፤ ልጁ በማደንዘዣ ቢተኛ እንኳ አይረዝምም።

ጄምስ ላንስ በ1980 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ትርጓሜ ስፓስቲሲቲ ከመሳቡ ፍጥነት ጋር አብሮ ይጨምራል። የታርዲዩ ምርመራ የሚጠቀመው ይህንኑ ጠባይ ነው። መርማሪው ልጁን በጀርባው አስተኝቶ ውስጥ እግሩን ወደ ቅልጥሙ ሽቅብ ይገፋል፤ መጀመሪያ እጅግ በዝግታ፣ ቀጥሎ በተቻለ ፍጥነት። እንበልና በዝግታ ሲገፋ ከ90 ዲግሪ 10 ዲግሪ አልፎ ወጣ፤ በፍጥነት ሲገፋ ግን 90 ለመድረስ 15 ዲግሪ ሲቀረው ያዝ አደረገው። የ25 ዲግሪው ልዩነት የሪፍሌክስ ሥራ ነው። በሌላ ልጅ በሁለቱም ፍጥነት እዚያው ቦታ ላይ ቢቆም ጡንቻው አጥሯል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ልጅ የቦቱሊነም ቶክሲን መርፌ ለጥቂት ወራት ሊረዳው ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን መርፌው ብቻውን አያስረዝመውም፤ በየጊዜው የሚቀየር ጀሶ ወይም ቀዶ ሕክምና ያሻዋል። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሽዎርዝ መለኪያ ቀላልና የታወቀ ቢሆንም ሁለቱን ፍጥነቶች ስለማያነጻጽር፣ በእኛ አስተያየት ለዚህ ጥያቄ ብቻውን አይበቃም።

ያጠረው የትኛው ጡንቻ እንደሆነም መለየት አለበት። ባት ላይ ሁለት ዋና ጡንቻዎች አሉ፤ ጋስትሮክኒሚየስ ጉልበትንም ቁርጭምጭሚትንም ይሻገራል፣ ሶሊየስ ግን ቁርጭምጭሚትን ብቻ። ጉልበት ሲታጠፍ የመጀመሪያው ይላላል። ስለዚህ ውስጥ እግሩ ጉልበት ታጥፎ ሽቅብ ከወጣ፣ ጉልበት ተዘርግቶ ግን እምቢ ካለ፣ ያጠረው ጋስትሮክኒሚየስ ነው። ይህ የሲልፈርሺዮልድ ምርመራ ይባላል። ሁለቱ ጡንቻዎች የሚጋሩትን የአኪለስን ጅማት ያለ ልክ ማስረዘም ደህናውን ሶሊየስንም ያደክማል። ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይወድቅ የሚይዘው ደግሞ እሱ ነው፤ ሲደክም በጣቱ ይራመድ የነበረው ልጅ ጉልበቱን አጥፎ ወደ መራመድ ሊሻገር ይችላል፤ ይህም ከቀድሞው የባሰ ችግር ነው።

ልኬቱ በቀላሉ ይሳሳታል። ብርድ፣ ፍርሃትና ለቅሶ ጡንቻን ያጠነክራሉ። ተረከዙ ወደ ውስጥ ዘንበል ተደርጎ ካልተያዘ የእግሩ መሐል ይታጠፍና ቁርጭምጭሚቱ የታጠፈ ያስመስላል። አልጋ ላይ የተገኘው ማዕዘንም ልጁ በእግሩ ሲቆም ከሚታየው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ስለዚህ መርማሪዎች ልጁ ሲራመድ ከፊትና ከጎን በቪዲዮ ቀርጸው ከልኬቱ ጋር ያስተያያሉ።