ኮምፕሬሰር ሲገዙ በርሜሉን ሳይሆን ትንፋሹን ይመልከቱ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ይህ አባባል በብዙ ድካም በተጠራቀመ ገንዘብ የሥራ መሣሪያ በሚገዛበት ቀን እጅግ ሊታሰብ ይገባዋል። ዛሬ በዚህ ዓምዳችን የምንነጋገርበት መሣሪያ በአማርኛ የአየር መጭመቂያ፥ በገበያ ግን ኮምፕሬሰር የሚባለው ነው። ጎሚስታው ጎማ የሚነፋበት፥ ቀለም ቀቢው ቀለም የሚረጭበት፥ መካኒኩም ቡሎን የሚፈታበት ኀይል ከዚሁ መሣሪያ ይገኛል።

የምናውቃቸው አንድ የአዲስ አበባ ጎሚስታ ከባለቤታቸው ጋር የጣሉት ዕቁብ በደረሳቸው ጊዜ፥ በጎማ ጥገናው ላይ የመኪና ቀለም ሥራ ለመጨመር አስበው አንድ ኮምፕሬሰር ገዙ። ሻጩ በርሜሉን በእጁ መታ መታ እያደረገ «ባለ 100 ሊትር ነው» አላቸው፤ እርሳቸውም የበርሜሉን ትልቅነትና የመልኩን ማማር አይተው ከፈሉ። ጎማ በመንፋት ረገድ መሣሪያው አላሳፈራቸውም። የመጀመሪያውን የመኪና በር መቀባት በጀመሩ ጊዜ ግን፥ ሥራው ገና ሳይጋመስ የአየሩ ግፊት ወረደ፤ ቀለሙም እንደ ጉም መሆኑ ቀርቶ እየተንጠባጠበ ይወጣ ጀመር። በሩን ፍቀው እንደ ገና ለመቀባት ተገደዱ፤ የባከነውንም ቀለም ዋጋ ከኪሳቸው ከፈሉ።

ስሕተቱ ከምን መጣ? የኮምፕሬሰር ችሎታ በሦስት ቁጥሮች ይገለጣል። 1ኛው በርሜሉ የሚይዘው መጠን ሲሆን በሊትር ይነገራል። 2ኛው የአየሩ ግፊት ሲሆን በባር ይለካል። 3ኛው መሣሪያው በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚሰጠው የአየር ብዛት ነው። በርሜል ጎተራ ነው፤ የገባለትን ያቆያል እንጂ እህል አያበቅልም። እህሉን የሚያመጣው ሦስተኛው ቁጥር፥ ማለት የመሣሪያው ትንፋሽ ነው። ሻጮች ብዙውን ጊዜ ሳይጠየቁ የማይናገሩትም ይህንኑ ነው። በተጨማሪም ፒስተኑ የሚስበው አየርና በእርግጥ የሚወጣው አየር አንድ አይደሉምና፥ መጠየቅ ያለበት የሚወጣው ነው።

በከፍተኛ ቦታ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ሌላ ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በጅቡቲ ወደብ በደቂቃ 200 ሊትር የሚሰጥ ኮምፕሬሰር በአዲስ አበባ የሚሠራው የ150 ሊትር ያህል ሥራ ብቻ ነው። በቤንዚን ሞተር የሚዞር ከሆነም የሞተሩ ጉልበት አብሮ ይቀንሳል።

የጎሚስታው መሣሪያ እንዲህ ያለ ነበር። የቀለም መርጫው ግን በደቂቃ 300 ሊትር ያህል ይፈልጋል። በርሜሉ ከ8 ባር ወደ 4 ባር እስኪወርድ ድረስ 400 ሊትር አየር ይሰጣል፤ በየደቂቃው የሚጎድለው 150 ሊትር ስለ ሆነ፥ ይህ ስንቅ ከ3 ደቂቃ በፊት ያልቃል። በርሜሉ እጥፍ ቢሆን እንኳ ጊዜው ወደ 5 ደቂቃ ከማደጉ በቀር ችግሩ አይወገድም።

እንግዲህ ምርጫው ከሥራው መጀመር አለበት። የቤት መኪና ጎማ ከ2 እስከ 2.5 ባር ያህል ስለሚበቃው አነስተኛ መሣሪያ ይነፋዋል። የከባድ መኪና ጎማ ግን እስከ 8 ባር ሊጠይቅ ስለሚችል፥ 10 ባርና ከዚያ በላይ የሚደርስ ኮምፕሬሰር ያስፈልገዋል። ቀለም ለሚቀባ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው የአየሩ ብዛት ነው፤ ከዚህም ጋር ውሃና ዘይት የሚለይ ማጣሪያ ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ቀለሙ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይወጣሉ። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ዘይት ያለውና በቺንጋ የሚዞረው ይሻላል፤ ዘይት የሌለው ትንሹ ዐይነት ቀላል ቢሆንም ጩኸቱ ይበዛል፥ ዕድሜውም ያጥራል።

ኮረንቲውም ይታሰብ። የአገራችን መስመር 220 ቮልት፥ በሴኮንድ 50 ዑደት ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው መሣሪያ ለ60 ዑደት የተሠራ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ዑደቱን አይለውጥም፤ ስለዚህ ሞተሩ ከፍጥነቱ ከስድስት አንድ እጅ ያጣል።

ገዢው ሻጩን ሳያስቀይም እውነቱን የሚያውቅበት መንገድ አለ። በርሜሉን ባዶ አድርጎ መውጫውን ይዝጋ፤ ሞተሩን ያስነሣና ሰዓቱን ይመልከት። የ100 ሊትር በርሜል በ5 ደቂቃ 8 ባር ከደረሰ፥ 100 በ8 ተባዝቶ ለ5 ሲካፈል 160 ይሆናል። በዚያ ቦታ ላይ መሣሪያው በደቂቃ የሚሰጠው አየር ይኸው 160 ሊትር ያህል ነው።

በመጨረሻም ስለ ቤተ ሰብ ደኅንነት የምናስገነዝበው አለ። አየር ሲጨመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ በበርሜሉ ሥር ይጠራቀማል፤ ብረቱንም ከውስጥ ያዝገዋል። የዛገ በርሜል እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ማታ ማታ ግፊቱ ከቀነሰ በኋላ ከሥር ያለውን ቧንቧ ከፍቶ ውሃውን ማፍሰስ ግዴታ ነው። በብየዳ የተጠገነ በርሜል አይገዛ፤ የደኅንነት ቫልቩም ከቶ አይነካ። በአየሩም ልብስን ማራገፍ ወይም በሰው ገላ ላይ መልቀቅ ክልክል መሆኑን ልጆች ሁሉ ይወቁት፤ ዐይን ያጠፋል፥ ወደ ደም ሥር ከገባም ይገድላል።

ጎሚስታው ያንን ኮምፕሬሰር አልሸጡትም፤ ዛሬም ጎማ ይነፉበታል። የቀለሙ ሥራ ግን የሚቀጥለውን ዕቁብ እየጠበቀ ነው። በዚያን ቀን ወደ ገበያው አብረዋቸው ሊሄዱ የወሰኑት ባለቤታቸው ናቸው፤ ይዘው የሚሄዱትም ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የእጅ ሰዓታቸውንም ጭምር መሆኑን ነግረውናል።