የሊምቤ ሙቀት ፊሽካ ሲያስነፋ

ማሊ ቱኒዚያን 1ለ0 እየመራች ነው። ዛምቢያዊው የመሀል ዳኛ ጃኒ ሲካዝዌ ፊሽካውን ነፋ። አለቀ! ችግሩ ሰዓቱ ገና 85ኛው ደቂቃ ላይ መሆኑ ነው። ተጫዋቾቹ ጮኹ፣ ጨዋታው ቀጠለ። 90 ሊሞላ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ሲካዝዌ ደግሞ ነፋ። ቫር ሁለቴ አቋርጦት፣ ፍፁም ቅጣት ምትና ቀይ ካርድ ታይቶበት፣ አንዲት የባከነ ሰዓት እንኳ አልተጨመረችም። የቱኒዚያ አሰልጣኞች ሰዓታቸውን እያሳዩ ሜዳ ገቡ።

ይሄ የሆነው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2022 በካሜሩኗ ሊምቤ ነው። ያን ሰሞን ዳኛው ያልተባለው ነገር የለም። ሰውዬው ግን ከሜዳ የሄደው ወደ ሐኪም ነበር፤ ሙቀት መትቶታል። አገሩ ከተመለሰ በኋላ እንደተናገረው፣ ሰውነቱ መቀዝቀዝ አቅቶት ራሱን ሊስት፣ ከዚያም አልፎ በሬሳ ሣጥን ሊመለስ ምንም አልቀረው።

ሊምቤ ጥቁር አሸዋ ያላት የወደብ ከተማ ናት። ከፊቷ አትላንቲክ፣ ከኋላዋ ከ4ሺ ሜትር በላይ የሚረዝመው የካሜሩን ተራራ። የአየሯ ጠባይ የሚመነጨው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውሃ ተሸክሞ የሚነሳው ነፋስ ተራራው ላይ ተላትሞ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ያዘለውን ያራግፋል። ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለችው የደቡንድሻ መንደር በዓመት ወደ 10ሺ ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። የአዲስ አበባ ክረምትና በልግ ተደምሮ 1ሺ 200 ገደማ ነው እንግዲህ! በጁን 2001 እዚያው ሊምቤ የጣለው ዝናብ ኮረብታ ንዶ ከ20 በላይ ሰዎች ገድሏል።

ውድድሩ በጃንዋሪ የተደረገውም በዚሁ ጦስ ነው። ካፍ የአፍሪካ ዋንጫን ወደ ጁንና ጁላይ ካዛወረ በኋላ፣ የካሜሩን ክረምት የሚገባው በዚያው ወቅት ስለሆነ በ2020 መጀመሪያ ላይ ሐሳቡን ቀየረ። ከዚያ ኮሮና መጣና አንድ ዓመት ተጨማሪ ገፋው።

ከዝናቡ አመለጡ፤ ከወበቁ ግን ማን ያመልጣል? በጃንዋሪ ሊምቤ ላይ ዝናቡ ያባራል እንጂ አየሩ አይደርቅም፤ ባሕሩ አጠገቡ ነው። ሰው በሙቀት የሚተርፈው ላቡ ሲተን ስለሚያቀዘቅዘው ነው። አየሩ ራሱ በእርጥበት ከጠገበ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ ሙቀቱም እውስጥ ይቀራል። በዚያ ላይ ጨዋታው የተጀመረው በአገሬው ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ፀሐይ በምታቃጥልበት ጊዜ ነበር። ተጫዋች ይቀየራል፤ የመሀል ዳኛ ግን ካልወደቀ በቀር ማን ይቀይረዋል?

የእኛዎቹ ዋልያዎች በዚያ ዋንጫ ከምድባቸው ባያልፉም ከዚህ ጣጣ ድነዋል፤ የተጫወቱት ከፍ ባለ መሬት ላይ ባሉት ያውንዴና ባፉሳም ነበር።

ከጨዋታው ግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ የማሊው አሰልጣኝ መግለጫ እየሰጡ ሳለ ቀሪው ደቂቃ በአራተኛው ዳኛ ይቀጥላል ተባለ። ማሊዎች ሜዳ ወጡ። ቱኒዚያዎች ግን የበረዶ ውሃ ውስጥ ገብተው ነበርና አልተመለሱም። ይግባኛቸውን ካፍ ውድቅ አደረገው፤ ውጤቱም 1ለ0 ሆኖ ፀደቀ።

ሲካዝዌ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ቤልጂየምና ካናዳን አጫውቷል። ስታዲየሙ ማቀዝቀዣ ነበረው።