የጎደለው 26

ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ስረግጥ የዙር መቁጠሪያው ቀስት ወደ ላይ ፈነጠረ። የፍጥነቱ ቀስት ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም። ወዲያው የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሸተተኝ።

አሮጌዋ ኮሮላዬ ቱርቦ ከተገጠመላት ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። እሱን ልመልስ ብዬ ነው ያስገጠምኩት። ሞተሩ ሲበረታ ፍሪሲዮኑ የድሮው እንደሆነ ቀረ።

መለዋወጫ ሻጩ «ስንት የፈረስ ጉልበት አላት?» ብሎ ጠየቀኝና ባለ ሴራሚክ የፍሪሲዮን ዲስክ ሸጠልኝ። መንሸራተቱስ ቆመ። ግን ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፣ መሀል የለውም። ዳገት ላይ መብራት ይዞኝ ስነሳ መኪናዋ ተንቀጥቅጣ ትዘላለች። እናቴን ሐኪም ቤት ሳደርስ ወገቧን ይዛ ዝም ስትል አየኋትና አንጀቴ ተላወሰ።

በማግስቱ አንድ የቆዩ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። አሮጌውን ዲስክ ከዕቃ መጫኛው አውጥቼ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ በጣታቸው ዳሰሱት። «ዘይት ቢነካው ኖሮ ምንም ብትገዛ ከንቱ ነበር» አሉኝ። ደረቅ ነው፤ ፊቱ እንደ መስታወት ያበራል።

«ሲያመልጥህ ዙሩ ስንት ላይ ነበር?»

«3,500 ላይ፣ ጋሼ።»

«የፈረስ ጉልበቱ የሚበዛውስ?»

«6,000 አካባቢ።»

ዝም ብለው አዩኝ። ያኔ ገባኝ። ፍሪሲዮን የሚሸከመው ቶርክን፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይልን ነው፤ የእኔ ሞተር ቶርክ ደግሞ ጣሪያ የሚነካው 3,500 ላይ ነው። ሻጩም እኔም ስናወራ የነበረው ስለ ሌላ ቁጥር ነው።

ጠመኔ አንስተው የድሮውን ፍሪሲዮን ልክ ወለሉ ላይ ጻፉ፦ የሸራው ሁለት ፊት፣ የሰበቃው መጠን 0.3፣ ሸራውን የሚጫነው የፕሬዠር ፕሌት ግፊት 4,000 ኒውተን፣ የሸራው አማካይ ሬዲየስ 0.085 ሜትር። ሲባዛ 204 ኒውተን ሜትር። ቱርቦውን የገጠመልኝ ልጅ የሞተሩን ቶርክ 230 ገምቶታል። ለካ የጎደለኝ 26 ብቻ ነው! ለእሱ ብዬ ነው እናቴን ያንገላታኋት።

4,000ውን ሰርዘው 5,000 ጻፉ፤ 255 መጣ። በቃ። ሸራው አዲስ፣ ግን ያው ለስላሳው ዓይነት፣ ጠንከር የሚለው ፕሬዠር ፕሌቱ ብቻ። ፔዳሉ ትንሽ ይከብዳል፤ እግሬ ለመደው።

ሸራው የሚያርፍበት ቮላኖም ሰማያዊ የቃጠሎ ነጥብ ጥሎበት ስለነበር ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተስተካከለ። ሸራው እስኪለምድ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ከተማ ውስጥ ብቻ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ ነዳሁ። ትዕግሥቴን የፈተነኝ ይሄ ነው።

ከዚያ እናቴን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። አራተኛ ማርሽ፣ 3,500 ዙር። ሁለቱም ቀስቶች እኩል ወጡ። እናቴ ባሕር ዛፉን እያየች ነበር።