ስለ ኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ሣጥን፤ የዋት ቍጥርና የሙቀት መውጫ

በየወረዳው ለምትሠሩ የእርሻ ሹማምንት።

አብዛኛው የከብት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ ይገባዋል። በሙቀት የተበላሸ ክትባት ብዙ ጊዜ በመልኩ ከደኅናው አይለይም። ስለዚህ ባለከብቱ በሬዬ ተከትቦልኛል ብሎ ተማምኖ ሳለ በሽታው በመጣ ጊዜ በሬው ይሞትበታል። ክትባት የሚጓዝበትን ሣጥን ጠባይ ማወቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ከነዚህ ሣጥኖች አንዳንዶቹ ያለ ጋዝና ያለ መጭመቂያ ሞተር በኤሌክትሪክ ብቻ ያቀዘቅዛሉ። የዚህ ሥራ መሠረት ፔልቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1834 ያገኘው ነገር ነው፤ ይኸውም ኤሌክትሪክ በሁለት ልዩ ልዩ ማዕድኖች መጋጠሚያ ሲያልፍ አንዱ መጋጠሚያ ይቀዘቅዛል፥ ሌላው ይሞቃል። በዛሬው ጊዜ በየጎኑ 4 ሳንቲ ሜትር በሆነች ስስ ሰሌዳ ውስጥ 127 ጥንዶች ተደርድረው ይሠራሉ።

ስሕተት የሚመጣው በቍጥሩ ነው። በሣጥኑ ላይ 60 ዋት ተብሎ ቢጻፍ ብዙ ሰው 60 ዋት ሙቀት ከውስጥ የሚያወጣ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ይህ ሣጥኑ የሚበላው የኤሌክትሪክ ልክ ነው። ሰሌዳውን የሠራው ፋብሪካም ሁለት ቍጥር ይሰጣል፤ እንበል 50 ዋትና 67 ዲግሪ። 50 ዋት የሚገኘው ሁለቱ ወገኖች እኩል ሙቀት ሲኖራቸው ነው፤ 67 ዲግሪ ልዩነት የሚገኘውም ምንም ሙቀት ሳይወጣ ነው። ሁለቱ በአንድነት ከቶ አይገኙም፤ ልዩነቱ ባደገ ቍጥር የሚወጣው ሙቀት በልኩ ይቀንሳል።

ለምሳሌ ቀዝቃዛው ወገን 0፥ ትኵሱ ወገን 45 ዲግሪ ቢሆን፥ ይህ ሰሌዳ የሚያወጣው 16 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ ለዚህም 60 ዋት ያህል ኤሌክትሪክ ይበላል። የተበላው ኤሌክትሪክ ሙቀት ስለሚሆን፥ ወደ ውጭ መወገድ ያለበት 16 ሳይሆን 76 ዋት ነው። ይህ ሙቀት መውጫ አጥቶ ትኵሱ ወገን 60 ዲግሪ ቢደርስ፥ ከውስጥ የሚወጣው ወደ 5 ዋት ይወርዳል። ነገሩ ውሃ ከጉድጓድ ቀድቶ በዚያው በጉድጓዱ አፍ እንደ ማፍሰስ ነው። ኤሌክትሪክ መጨመርም አይረዳም፤ ልኩ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩ ራሱ የሚያመጣው ሙቀት ቅዝቃዜውን ያሸንፋል።

ስለዚህ የሚከተለው ይጠበቅ።

፩ኛ፤ ሣጥኑ በጥላ ይቀመጥ፤ ማራገቢያው ከግድግዳ ይራቅ፥ በጆንያና በሸራ አይሸፈን።

፪ኛ፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከተሠራው አሉሚኒየም ላይ አቧራው ዘወትር ይጠረግ። በቆላ አየሩ ራሱ ትኵስ ነው፤ በደጋም አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው የሚወስደው ሙቀት ያንሳል።

፫ኛ፤ ክትባቱ አስቀድሞ ቀዝቅዞ ይግባ፤ ሣጥኑ የቀዘቀዘውን ለመጠበቅ እንጂ የሞቀውን ፈጥኖ ለማቀዝቀዝ አቅም የለውምና።

፬ኛ፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የውጭው ሙቀት በሰሌዳው በኩል ተመልሶ ይገባል፤ ስለዚህ ክትባቱን የሚቀበል ሌላ ቀዝቃዛ ዕቃ ይዘጋጅ።

፭ኛ፤ በውስጡ ቴርሞሜትር ይኑር፥ ጧትና ማታ እየታየ ይጻፍ።

ሣጥን በሚገዛበትም ጊዜ ስንት ዋት ይበላል ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ የአገራችን አየር በሚሞቅበት ሰዓት ከውስጡ ስንት ዋት ያወጣል ተብሎ ይጠየቅ።