መምህሩን ማን ያግዘው?

ከሳንጃ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት ብዙውን ጊዜ ሰሊጥና ማሽላ ተሸጦ የተማረ ልጅ ነው። ዛሬ ይህን ልጅ የሚጠብቀው መምህርና መጽሐፍ ብቻ አይደለም። የታዘዘውን ድርሰት በሰከንዶች ውስጥ ጽፎ የሚሰጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም አለ። ቻትጂፒቲ የተባለው አገልግሎት ለሕዝብ ከተለቀቀበት ከኅዳር 2015 ዓ.ም ወዲህ ተማሪው በፍጥነት ለምዶታል። መምህሩስ?

ውድ አንባቢያን! ስለ ተማሪው መኮረጅ ብዙ ይወራል፤ መምህሩን ስለ ማገዝ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። እኛ የምንለው፣ መምህሩ ካልታገዘ የሚጎዳው ተማሪው ነው።

ማጋለጫው ራሱ ሲሳሳት

አንዳንዶች የማሽንን ጽሑፍ በሌላ ማሽን ማጋለጥ ይቻላል ይላሉ። ይሁን እንጂ የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕን ኤአይ በጥር 2015 ዓ.ም ያወጣው ማጋለጫ ከ100 የማሽን ጽሑፎች 26ቱን ብቻ ለየ፤ ሰው ከጻፋቸው 100ም 9ኙን በሐሰት ከሰሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ኩባንያው ራሱ አነሣው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ደግሞ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት ማጋለጫዎች ሲፈትሹ፣ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት “የማሽን ናቸው” ተባሉ። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ብቻ የለመደው የአርማጭሆ ልጅ በላቡ የጻፈው ወረቀት እንዲህ ቢወድቅበት ማን ይካሰዋል?

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ጥያቄው ይለወጥ። “የአፈር መሸርሸርን ምክንያቶች ዘርዝር” ለሚል ጥያቄ ማሽኑ መልስ አያጣም። “በቀያችሁ ማሳ ያየኸውን ለክተህ አምጣ” ቢባል ግን ተማሪው እግሩን ማንሣት አለበት። ይህ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ኅብረተሰቡ እየላከ ያስተምር ነበር።

ሁለተኛ፣ ተማሪው የጻፈውን በቃሉ ያስረዳ። ደረሳ በሸኹ ፊት ተቀምጦ ኪታቡን እንደሚያስረዳ ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ጥያቄ ብዙ ይገልጣል።

ሦስተኛ፣ መምህሩ የማሽኑን መልስ ክፍል ውስጥ አቅርቦ ስሕተቱን ያስፈልግ። ማሽኑ ቀጣዩን ቃል እየገመተ ስለሚጽፍ፣ ያልተጻፈ መጽሐፍ በደራሲ ስም ጠቅሶ ሊያቀርብ ይችላል። በአማርኛ ደግሞ የተማረበት ጽሑፍ አነስተኛ ስለሆነ ድክመቱ ይጎላል።

አራተኛ፣ የተማሪ ውጤትም ሆነ የሕመምተኛ ምስጢር ለማሽኑ አይሰጥ።

ትምህርቱ በማሽኑ ላይ ብቻ መንጠልጠልም የለበትም። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ አንረሳም።

አንድ ቀን ስብሰባ አይበቃም

አገራችን በ2012 ዓ.ም የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተቋም መሥርታለች፤ ብሔራዊ ፖሊሲም በሰኔ 2016 ዓ.ም ጸድቋል። ፖሊሲ ግን ክፍል ገብቶ አያስተምርም። መምህሩ አዳራሽ ተሰብስቦ ንግግር ከሚሰማ ይልቅ፣ ከትምህርት ክፍሉ ባልደረቦች ጋር የራሱን ፈተና ይዞ ቢቀመጥ፣ ማሽኑ ስንቱን እንደሚመልስ ቢያይና ጥያቄውን እንደገና ቢጽፍ ይበጃል። ለዚህም ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ መቶ ወረቀት የሚያርም ሰው በትርፍ ሰዓቱ ይማር ማለት ፍርድ አይደለም።

በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የመውጫ ፈተና ተማሪውን ለብቻው ያስቀምጠዋል። አራት ዓመት ሙሉ ማሽን ያሰበለት ልጅ ያን ቀን ምን ይዞ ይገባል? ወላጆችም ብንሆን ልጃችን ለእረፍት ሲመጣ “ስንት አመጣህ?” ብቻ አንበል። “የተማርከውን እስቲ አስረዳን” እንበለው።