የእጅ ሰዓቱ «ደካማ» ሲል

ከውጭ አገር የሚመጣው ሻንጣ ይዘቱ እየተለወጠ ነው። ድሮ ሽቶና ጫማ ይበዛበት ነበር፤ ዛሬ እርምጃ የሚቆጥር፣ የልብ ምት የሚከታተል፣ እንቅልፍ የሚመዘግብ የስፖርት ሰዓትም ይገኝበታል። ልጅ ለእናቱ ይልካል፣ እህት ለወንድሟ ትልካለች። መልካም ስጦታ ነው፤ አልቃወመውም። ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ሰዓቱ ከታሰረ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሚያወጣው አንድ ቁጥር ነው። አንዳንዱ «ቪኦቱ ማክስ» ይለዋል፣ ሌላው የልብና የሳንባ ብቃት ይለዋል። ቁጥሩ 24 ወይም 31 ወይም 42 ሊሆን ይችላል። በብዙዎቹ ሰዓቶች ከቁጥሩ ጋር ቀለምም ይወጣል፤ ቀይ ከሆነ «ደካማ» ማለት ነው።

እዚህ መካነ ሰላም ይህን ቀይ ቀለም አይተው እንቅልፍ ያጡ ሰዎች አሉ። አንዲት እናት ልጃቸው ከዱባይ የላከችላቸውን ሰዓት አስረው ሁለት ሳምንት ውኃ ቀዱበት፣ ገበያ ወጡበት። ከዚያ «ልቤ አልቋል ማለት ነው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኚህ ሴት በየቀኑ 20 ሊትር ጀሪካን አዝለው ዳገት የሚወጡ ናቸው! ልባቸው እንዳላለቀ ለመናገር ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ሰዓቱ ለምን እንዲህ እንዳለ ግን መመርመር ያስፈልጋል።

ይህ ቁጥር ሰውነታችን አቅሙ እስኪሟጠጥ ሲሠራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ስንት ሚሊ ሊትር ኦክስጂን መጠቀም እንደሚችል የሚናገር ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1923 እንግሊዛውያኑ አርቺባልድ ሂልና ሐርትሊ ሉፕተን አቀረቡት። ትክክለኛው ልኬት የሚገኘው በላብራቶሪ ነው። ሰውየው አፍና አፍንጫው ላይ ጭምብል ተደርጎለት በመሮጫ ማሽን ላይ ይሮጣል፤ «በቃኝ» እስኪል ድረስ የሚተነፍሰው አየር ይመዘገባል።

የእጅ ሰዓት ጭምብል የለውም። ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን እያበራ በቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም በማየት የልብ ምትን ይቆጥራል፣ በጂፒኤስ ፍጥነታችንን ያውቃል፤ ከዚያ ይገምታል። ስሌቱ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ሰው ይህን ያህል ኦክስጂን ያስፈልገዋል፤ የዚህ ሰው ልብ ከከፍተኛ ምቱ ይህን ያህሉን ተጠቅሟል፤ እንግዲህ ሙሉ አቅሙ ይህን ያህል ነው። ልባችን እየመታ ብዙ ካልሄድን ቁጥሩ ይወርዳል፤ ብዙ ሄደን ልባችን ካልተጣደፈ ይወጣል።

አሁን ይህን ስሌት ወደ እኛ አገር አምጡት። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጂንም እንደዚያው። ከቆላ የመጣ ሰው ሙሉ አቅሙ እዚህ ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ሊቀንስበት ይችላል። ጀግኖቻችንንም ከፍታ ፈትኗቸዋል። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ማራቶንን ያሸነፈው በ2፡20፡26 ነበር፤ አበበ ቢቂላ ከአራት ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ 2፡12፡11 ገብቷል። ለልዩነቱ ሌላም ምክንያት አይጠፋም፤ ሆኖም ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት፣ ከመካነ ሰላም እንኳ ዝቅ ትላለች።

ደገኛ ሆኖ የተወለደ ሰውነት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። የሰዎቹ ሄሞግሎቢንም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጂን መጠን በአማካይ በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። አንዳንድ ውድ ሰዓቶች ከፍታን በስሌታቸው ለማካካስ ይሞክራሉ፤ እዚያው ተወልዶ ያደገውን ደገኛ ትናንት ከወደብ ከመጣው እንግዳ ለይተው እንዲያውቁ ግን መጠበቅ አይቻልም።

ከከፍታው ይልቅ ግን ዳገቱና ሸክሙ ይብሳሉ። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር በሜዳ የሚራመድ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በደቂቃ 12 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጂን ይበቃዋል። በ100 ሜትር ርቀት 10 ሜትር ከፍ በሚያደርግ ዳገት ላይ ያንኑ ፍጥነት ልጠብቅ ካለ 27 ገደማ ያስፈልገዋል፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። አፕል የሚሠራው ሰዓት ለግምቱ የሚመርጠው ከ5 በመቶ ያልበለጠ ዳገት ያለበትን መንገድ ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብላችሁ ወደ ደንቆሮ ጫካ ወይም ወደ ዓባይ በረሃ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ፣ ይህን ስታነቡ ፈገግ ማለታችሁ አይቀርም። ጀሪካኑንስ ማን ነገረው? 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት 20 ሊትር ውኃ ስታዝል ተጨማሪ 20 ኪሎ ተሸክማለች፤ ሰዓቱ ግን እጇን እያወዛወዘች የምትዝናና ይመስለዋል። ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ልቧ ይመታል፤ እንግዲህ «ደካማ» ናት!

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ የእጅ ደም ሥሮች ስለሚጠብቡ ብርሃኑ ምቱን በትክክል ላያነብ ይችላል። ማሰሪያው ከላላም እንዲሁ ነው። አቦልና ቶና ጠጥቶ ወዲያው መንገድ መጀመርም የአንዳንዱን ሰው ልብ ያፈጥናል።

አንድ የኛ ብቻ የሆነ ጣጣ ልጨምር፤ የልደት ዓመት። ብዙ ሰዓቶች ከፍተኛውን የልብ ምት የሚገምቱት ከዕድሜ በመነሣት ነው፤ የታወቀው ቀላሉ ስሌት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው። በ1972 ዓ.ም. የተወለደች እህት ሰዓቱ ላይ 1972 ብላ ከሞላች ሰዓቱ የሚያነበው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጃታል። ከፍተኛ ምቷን በዚያው ልክ ዝቅ አድርጎ ስለሚገምት አቅሟንም ዝቅ ያደርገዋል። የእርስዋ ትክክለኛ ዓመት 1979 ወይም 1980 ነው። ሰዓቱ ስጦታ ሆኖ ከመጣ በላኪው ዕድሜ፣ ክብደትና ጾታ ተሞልቶ እንደሆነም እዩ።

«ደካማ» የሚለው ደረጃስ ከማን ጋር ሲነጻጸር ነው? ጋርሚን የሚጠቀምበት ሠንጠረዥ አሜሪካ ዳላስ ከሚገኘው የኩፐር ተቋም የተወሰደ ነው። ሠንጠረዡ የተከበረ ነው፤ የቦረና ወይም የሳይንት ገበሬ ግን አልተለካበትም።

እስካሁን ያነሣሁት ሰዓቱ በከንቱ የሚያስፈራበትን ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ በከንቱ የሚያጽናናበት ጊዜ ነው። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ሕመም ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ውስጥ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎልና ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትን ይገታሉ። ታማሚው ዳገት ሲወጣም ምቱ ብዙ አይጨምርም። ሰዓቱ ይህን «ልቡ ሳይቸገር ይሄዳል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ቀለሙ ይለመልማል። እንግዲህ አባት «ድኛለሁ፣ ሰዓቱ መስክሯል» ብለው ክኒናቸውን ቢተዉስ? እንዲህ ያለውን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ብርቱ አደጋ አለው። ሰዓቱ ያወጣው ቁጥር ስለ ደም ግፊት የሚናገረው ነገር የለም፤ ግፊት የሚለካው በክንድ ላይ በሚታሰረው መሣሪያ ነው፣ መድኃኒት የሚያስቆመውም ሐኪም ነው።

በተቃራኒው ደግሞ እውነት የሚናገርበት ጊዜ አለ። በዚያው መንገድ፣ ያለ ሸክም፣ በተመሳሳይ ሰዓት እየሄዳችሁ ቁጥሩ ለሳምንታት ከወረደ፣ የተቀመጣችሁበት የልብ ምትም ከወትሮው ከጨመረ፣ ችላ አትበሉት። ደም ማነስ እንዲህ ያደርጋል፣ ከመጠን በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢም እንዲሁ። በተለይ እርጉዝ የሆናችሁ ወይም በቅርቡ የወለዳችሁ እህቶች፣ ድካም ሲበዛባችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን አስመርምሩ። የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ ግን ሳምንት አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ነው የሚኬደው።

ሰዓቱን በሚገባ ልትጠቀሙበት የምትወዱ እንዲህ አድርጉ። ሜዳ የሆነ መንገድ ምረጡ፤ የኳስ ሜዳ ዙሪያም ይሆናል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ጠዋት፣ ከቡና በፊት፣ እጃችሁ ባዶ ሆኖ፣ ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብላችሁ ሂዱ። ማሰሪያውን ከእጅ አንጓ አጥንት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አጥብቁት። የወሩን ቁጥር ካለፈው ወር ከራሳችሁ ቁጥር ጋር ብቻ አስተያዩት። ሰዓት የሌላችሁም አልቀረባችሁም፤ መንገዱን እንደጨረሳችሁ ሁለት ጣት አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ ለ30 ሰከንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙት። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ከሁለት ወር በኋላ ምቱ ከቀነሰ አቅማችሁ ጨምሯል ማለት ነው።

ለወላጆቻችሁ ሰዓት የምትልኩ ልጆችም አንድ ሥራ አለባችሁ። በአፕል የጤና መተግበሪያ ውስጥ የልብ ምትን የሚነካ መድኃኒት መወሰዱ የሚሞላበት ቦታ አለ። እናታችሁ ዘንድ ደውሉና የክኒኑን ስም ከካርቶኑ ላይ አስነብባችሁ እናንተው ሙሉላቸው።