ያውቁ ኖሯል? የሚያነክስ ውሻ ራጅ የሚያሳየውና የማያሳየው

በሰቆጣ ዙሪያና በዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች መንጋ የሚጠብቅ ውሻ ሲያነክስ መንስኤው እሾህ፣ ንክሻ ወይም ስብራት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ዘወትር የሚገኝ፣ ሽባነትም ከምልክቶቹ አንዱ በመሆኑ፣ ጠባዩ የተለወጠ ውሻ በእጅ ሳይነካ ለእንስሳት ሐኪም ሊነገርበት ይገባል።

ዊልሄልም ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ባገኘው ጨረር አማካይነት የአጥንትን ጥላ በምስል የሚያስቀረው ራጅ የአንካሳነት ምርመራ ዋነኛ መሣሪያ ቢሆንም፣ የሐኪሙን ዓይንና እጅ ተከትሎ የሚመጣ እንጂ የሚተካቸው አይደለም። አንድ ምስል ብቻውን ስብራትን ሊደብቅ ስለሚችል እግሩ ከፊትና ከጎን ቢያንስ 2 ጊዜ ይነሣል፤ በቡችላ ደግሞ በአጥንቱ ጫፍ ያለው፣ ገና ያልደነደነው የዕድገት ክፍል ስንጥቅ መስሎ ስለሚታይ ጤነኛው እግር አብሮ ተነሥቶ ይነጻጸራል። ራጅ ዘግይቶ እንደሚናገር ግን ፈጽሞ ሊዘነጋ አይገባም፤ የአጥንቱ ማዕድን ከ30 እስከ 50 በመቶ ያህል ካልቀነሰ ጉዳቱ በግልጽ አይታይም፣ አጥንት ውስጥ የገባ ኢንፌክሽንም ምልክቱን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ፣ ማንከሱ ከቀጠለ ምስሉ ሊደገም ይገባል። የተበጠሰ የጉልበት ጅማት ራሱ በራጅ አይታይም፤ የሚጠቁመው በመገጣጠሚያው ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ ነው።

የድመት ነገር ከዚህም ይረቅቃል፤ ሁለቱ የኋላ እግሮቿ በድንገት ዝለው ቢቀዘቅዙ፣ መነሻው ከታመመ ልብ ወጥቶ የደም ሥርን የዘጋ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል፣ በድምፅ ሞገድ ምስል የሚሠራው አልትራሳውንድ ከእግሯ ይልቅ በልቧ ላይ ያርፋል።